ነርሚን በካፉሪ

እኔ ቴሌቪዥን አላይም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ደይም ሰፈር ውስጥ ስሜን የሚያጠፉ ሰዎች ስላሉ ነው። ቤቴ ቴሌቪዥን አለ፣ ይከፈታል፣ እኔም ከፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ የሰው ፀጉር እሠራለሁ። ሹሩባ ስሠራ የሚደክሙት ጣቶቼ እንጂ ዓይኖቼ ሥራ የላቸውም፤ ወደዚያ ቢያዩ ምን ላድርጋቸው?

ስሜ ስንቅነሽ ነው። ከጎንደር ካርቱም የገባሁት በልጅነቴ ነው፤ አሁን የደይም ሐበሻ ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ እትዬ ይለኛል። ዓርብ ዓርብ በሰው ቤት የሚሠሩት ሴቶች ዕረፍት ሲወጡ ወደ እኔ ይመጣሉ። ፀጉር ልንሠራ ነው ይላሉ። ውሸታቸውን ነው፤ የሚመጡት «የነርሚን ዕንባ»ን ሊያዩ ነው።

«የነርሚን ዕንባ» ከቱርክ መጥቶ የአማርኛ ድምፅ የተቀዳለት ድራማ ነው። ነርሚን የሀብታም ቤት ሠራተኛ ናት። እመቤቷ መላሃት የነርሚንን የሟች እናት ቀለበት ሣጥን ውስጥ ቆልፋባታለች፤ ያ ቀለበት ከሌለ ነርሚን የማን ልጅ እንደሆነች አይታወቅም። በየክፍሉ መጨረሻ ላይ መላሃት ቀለበቱን ታወጣለች፣ ነርሚን እጇን ትዘረጋለች፣ ሙዚቃው ያላዝናል፣ የመላሃት ፊት አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ ይታያል፣ በቃ፣ አለቀ። በማግስቱ መላሃት ሐሳቧን ቀይራ ቀለበቱን መልሳ ትቆልፈዋለች። እንዲህ ያለች ቆንቋና ዕድሜዬን ሙሉ አይቼ አላውቅም፤ ማለቴ፣ ሰምቼ አላውቅም።

ሰዉ በዚህች ድራማ ጨርሶ አብዷል። የእድራችን ስብሰባ ሰዓት የተለወጠው በእሷ ምክንያት ነው። ነርሚን ራሷን ስታ ሆስፒታል የገባች ጊዜ ለምለም፣ ዐማራት ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ ዕቃ የምታጥበዋ ቀጭኗ ልጅ፣ ለማርያም ጃንጥላ ተሳለች። ነርሚን ዓይኗን ስትገልጥ ለምለም ጃንጥላውን ገዝታ ቤተ ክርስቲያን አስገባች። ቄሱ ማን ድኖልሽ ነው ቢሏት «እህቴ» አለቻቸው። እስላሞቹም ሴቶች ዱዓ አድርገው ኖሯል፤ ነርሚንን ያዳናት የእኛ ነው የእናንተ ነው በሚል ቤቴ ውስጥ ክርክር ተነሥቶ፣ ግማሽ ሹሩባ ተሠርታ የወጣች ሴት አለች።

የካርቱም መብራት ደግሞ፣ እነሱ ካህረባ ይሉታል፣ ደስ ሲለው ይመጣል ደስ ሲለው ይሄዳል። አንድ ዓርብ ነርሚን እጇን እንደዘረጋች ድርግም አለ። ሴቶቹ ሰው የሞተባቸው መሰሉ። ጩኸቱ ቢያንገፈግፈኝ ነጠላዬን በሩ ላይ ሰቀልኩና ከጀርባው ገባሁ። ያላ፣ ተነሡ፣ እኛው እንጨርሰዋለን አልኳቸው። ለምለም ቂጧ ላይ ትራስ አስራ መላሃት ሆነች። ጣሪያዬ ላይ ዲሽ ሲያስተካክል የነበረውን በየነን ጎትተን አውርደን የመላሃት ባል አደረግነው። ነርሚን የሆነችው ዘሃራ ናት፤ ስለ እሷ አሁን እነግራችኋለሁ። ከፊት ያሉት አፋቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ፣ የሁሉም ድምፅ ከነጠላው ጀርባ እኔ ነኝ። ልክ እንደ ቴሌቪዥኑ፣ የበየነ አፍ ረጅም ንግግር ተናግሮ ሲያበቃ ድምፁ «እሺ» ብቻ ይላል፤ ለምለም አፏን ገጥማ ሳለ ድምፁ ገና ይራገማል። ሴቶቹ በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። የጨዋታችን ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ ድምፁ ያለውን አካሉ ይታዘዛል። እኔ ተቀመጪ ካልኩ ለምለም ትቀመጣለች፣ በጥፊ መታሁህ ካልኩ በየነ ጉንጩን ይይዛል። ከዚያ ወዲያ መብራቱ ባይጠፋም ዓርብ ዓርብ ድራማው ሲያልቅ የእኛን መሥራት ልማድ ሆነ። እንዲያውም ለእኛው ብለው የሚመጡ በዙ። በድራማው መሳቅ የጀመርን መስሎን ሌላ ሱስ ተክለን አረፍነው።

ዘሃራ የወሎ ልጅ ናት፣ የሐይቅ። የምትሠራው ከወንዙ ማዶ፣ ካፉሪ ሰፈር፣ ሲት ኢህሳን የምትባል ሱዳናዊት እመቤት ቪላ ውስጥ ነው። ሲት ኢህሳን ክፉ ሴት አይደለችም። ዘሃራ ስትታመም ሐኪም ቤት ወስዳታለች፣ በዒድ ልብስ ትገዛላታለች። ብቻ ዘሃራ ሥራ የገባች ዕለት ጀዋዟን፣ ፓስፖርቷን ማለቴ ነው፣ እንዳይጠፋብሽ ብላ ተቀብላ መኝታ ቤቷ ቆለፈችበት። ይኸው እንዳይጠፋ እንደተቆለፈ አለ።

የዘሃራ እናት ዓይናቸው እየከዳቸው ነው። አንዱ ጨርሶ ጠፍቷል፣ ሁለተኛውም እየፈዘዘ ነው፤ የደሴ ሐኪሞች የጠፋው ብርሃን አይመለስም ብለዋቸዋል። ስልክ በደወለች ቁጥር፣ መልክሽን አንዴ ልየውና ከዚያ በኋላ የፈለገው ይሁን ይሏታል። ዘሃራ ይህን የነገረችኝ ፀጉሯን እየሠራኋት ነበር። ፊቷ ባይታየኝም ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔም ማበጠሪያውን አስቀምጬ አብሬያት አለቀስኩ።

ዘሃራ ግን እመቤቷን ጀዋዜን ስጪኝ ስትላት መልሱ ሁልጊዜ ኢንሻአላህ ነው። ረመዳን ይለፍ፣ ኢንሻአላህ። ዒድ ይለፍ፣ ኢንሻአላህ። ልጄ ትውለድ፣ ኢንሻአላህ። በመጨረሻ የመጣው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ነርሚን ቀለበቷን ታግኝና ያኔ ትሄጃለሽ። ይህ እንዴት እንደመጣ ልንገራችሁ። ያችኑ ድራማ ሲት ኢህሳን በዓረብኛ ታያለች፤ የዓረብኛው ግን ከእኛ አማርኛ እጅግ ወደ ኋላ የቀረ ነው። ዘሃራ እመቤቷን ደስ አሰኝታ ጀዋዟን የምታገኝ መስሏት፣ ወደፊት የሚሆነውን አንድ ቀን ሹክ አለቻት። ሲት ኢህሳን እንደ ነቢይ ተቀበለቻት። ከዚያ በኋላ ዘሃራ ልብስ ስትተኩስ የዕለቱን የአማርኛ ክፍል እኔ ደውዬ እነግራታለሁ፣ እሷ ለእመቤቷ ትነግራለች፣ እመቤቷ ለጓደኞቿ እየደወለች ከራሷ ያመነጨችው አስመስላ ትተነብያለች፤ ካፉሪ ውስጥ ስሟ ገነነ። እንዲህ ያለችን ሠራተኛ ማን ይለቃል? ምስኪኗ ዘሃራ ለመፈታት ብላ በተናገረች ቁጥር ገመዱን በራሷ ላይ ታጠብቅ ነበር።

እኔ ደሜ ፈላ። በሚቀጥለው ዓርብ በጨዋታችን ውስጥ ቀለበቱን ጣልኩትና ጀዋዝ አደረግሁት። መላሃትም የቱርክ እመቤት መሆኗ ቀርቶ የሱዳን ሴቶችን ልብስ፣ ቶብ የተጠቀለለች የካፉሪ እመቤት ሆነች። ዘሃራ ስለ ሲት ኢህሳን ያጫወተችንን ሁሉ አንድ ሳናስቀር ከተትንበት። ጉልበቷ ሥር ያለውን ሪሞት እንድታቀብላት ዘሃራን ከኩሽና ትጠራታለች። ኤሲው ሲበርዳት ኤሲውን አትቀንስም፣ ብርድ ልብስ ታስመጣለች። ለነርሚን ስቅስቅ ብላ እያለቀሰች ዘሃራ ከሥሯ እንድትወለውል እግሯን ወደ ላይ ታነሣለች። መጨረሻው ግን የድራማው ነው፤ መላሃት ጀዋዙን ታወጣለች፣ ነርሚን እጇን ትዘረጋለች፣ በየነ በአፉ ሙዚቃውን ያላዝናል፣ መላሃት መልሳ ትቀማታለች። ሰዉ እዚህ ላይ ሲስቅ እንዳልነበረ ጸጥ ይል ነበር። የየራሱ ጀዋዝ የት እንዳለ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ለምለም ይህን በስልኳ ቀርጻ ለዘሃራ ላከችላት፤ ዘሃራ ኩሽና ተደብቃ ስታይ ሲት ኢህሳን ከኋላዋ መጣች። ልጅቱ ስልኩን ልትደብቅ ሞከረች። እመቤቷ ግን አማርኛውን ባትሰማም ገና አፉና ድምፁ ሲተላለፍ ስታይ ዕንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እነዚህ ሐበሾች ቤቴ መጥተው ለጓደኞቼ በዓረብኛ መሥራት አለባቸው አለች።

እኔ በፍጹም አልሄድም አልኩ። የሰው ቤት ገብቼ ባለቤቲቱን ላፌዝባት፣ ነገ ፖሊስ በሬን ሲያንኳኳ ማን ሊያወጣኝ ነው? ዘሃራ ግን መጥታ ጉልበቴን ያዘች። «እትዬ፣ ራሷን ካየች ልቧ ይራራል» አለችኝ። «ሰው ራሱን አይቶ እንዴት ዝም ይላል?» ለእናቷ ልመጣ ነው ብላ ነግራ፣ የልብስ ሻንጣዋን እኔ ዘንድ አስቀምጣ ነበር። ምን ልበላት? እሺ አልኳት።

በተቃውሞ ሰልፍ ቀን ድልድዩ ስለሚዘጋ ቀኑ አንዴ ተገፋ፣ ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በበየነ አምጃድ ተጭነን ወንዙን ተሻገርን። አምጃዷ፣ ያቺ የበየነ አሮጌ ሚኒባስ ማለት ነው፣ ዲሽ ሲጭንባት ሲያወርድባት ወንበሯ ሁሉ ተቀዳዷል። የዘሃራን ሻንጣም ይዘንላት ሄድን፤ አላህ ካለ ዛሬውኑ ጀዋዜን ሰጥታ ትሸኘኛለች ብላ ነበር። ሳሎኑ የሠርግ አዳራሽ ያክላል። የሲት ኢህሳን ጓደኞች ሽቷቸውን አርከፍክፈው፣ ሶፋውን ሞልተው፣ አንዳንዶቹ መሐረባቸውን ጭምር ለለቅሶው አዘጋጅተው ተቀምጠዋል። ከነሱ ጋር የሁሉም ታላቅ የሆኑ፣ ሐጃ ፈውዚያ የሚሏቸው አሮጊት አሉ፤ እሳቸው ሲናገሩ ሌላው ዝም ይላል። ዘበኛውም በመስኮቱ አንገቱን አስገብቷል። እኔ አንሶላ አሰቀልኩና ከጀርባው ገባሁ፤ በጫፉ በኩል ሁሉም ይታየኛል።

ጀመርን። ለምለም ቶቧን እያስጎተተች ገባች፣ ተቀመጠች፣ ጉልበቷ ሥር ያለውን ሪሞት እያየች ዘሃራን ከኩሽና ጠራች። ሴቶቹ እልል አሉ። ብርድ ልብሱ ሲመጣ አንዷ ሌላዋን በክርኗ ትጎስማለች። ለምለም እያለቀሰች እግሯን ሽቅብ ስታነሣ ሲት ኢህሳን ከሶፋው ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ዘሃራ ወለሉን እየወለወለች ቀና ብላ ታያታለች፤ አሁን ትደነግጣለች፣ አሁን ይገባታል እያለች። ሲት ኢህሳን ዕንባዋን ጠርጋ ወደ ጓደኞቿ ዞረች። እንዲህ ያለች አንዲት ሴት ዐማራት ውስጥ አውቃለሁ፣ ቁርጥ እሷን አለች። ሌላይቱም እኔም ቡሪ ውስጥ አንድ አለችኝ አለች። ሁሉም የየራሳቸውን ሴት ከሌላ ሰፈር አመጡ። የዘሃራ ፊት ሲጠቁር አየሁ። መወልወያውን ጨብጣ ቀረች። ይህን ሁሉ መንገድ መጥተን ማሳቂያ ብቻ ሆነን ልንመለስ ነው አልኩ።

እንግዲህ ወደ መጨረሻው ደረስን። ለምለም ጀዋዙን አወጣች፤ ያው ሁልጊዜ የምንጠቀምበት፣ በየነ ከዲሽ ካርቶን የቀደደው ቁራጭ ነው። ሲት ኢህሳን እጇን አነሣችና አስቆመችን። ተናዳለች። ይህ ምንድን ነው፣ ካርቶን? ቴሌቪዥን ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይታያል? በካርቶን ማን ያለቅሳል? ቆዩ ብላ ተነሣች፣ ደረጃውን ወጣች፣ ቁልፍ ሲንኳኳ ተሰማ፣ ተመልሳ ወረደች። በእጇ የያዘችው የዘሃራን ጀዋዝ ነው። ለምለም እጅ ላይ አስቀመጠችላትና ሶፋዋ ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች። ኸላስ፣ በቃ፣ አሁን ቀጥሉ አለች።

ለምለም እንደ እሳት ነው የያዘችው። በየነ ሙዚቃውን ጀመረ። ዘሃራ እጇን ዘረጋች። በጨዋታችን መሠረት አሁን የእኔ ተራ ነው፤ በመላሃት ድምፅ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ ብዬ መሳቅ አለብኝ፣ ለምለምም መልሳ ትቀማታለች። አፌን ከፈትኩ፣ ቃሉ አልወጣም። ፈራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ። መኖሪያ ፈቃዴ፣ ቤቴ፣ ስንት ዓመት የለፋሁበት ኑሮዬ ሁሉ በዓይኔ ላይ ዞረ። ከዚያ የዘሃራን እጅ አየሁት። በጨዋታው ላይ ስትዘረጋው ጣቷን እንደ ተዋናይ ታሳምረው ነበር። አሁን ዝም ብላ ነው የዘረጋችው፣ ዳቦ እንደሚለምን ሰው።

በመላሃት ድምፅ፣ በጠራ ዓረብኛ፣ «ውሰጂው ልጄ» አልኩ። «እናትሽ ዓይናቸው ሳይጠፋ ይዩሽ። እስከ ዛሬ ስለያዝኩብሽ ይቅር በይኝ።»

ለምለም ዓይኗን አፍጥጣ ወደ አንሶላው ዞረች። ውሰጂው አልኩ ደግሜ፣ አሁን ጠንከር አድርጌ። ሕጉ ሕግ ነው፤ ለምለም እጇን ዘርግታ ሰጠቻት። ዘሃራ ጀዋዙን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። እኔ በነርሚን ድምፅ አመሰግናለሁ ልል ነበር፤ ቀደመችኝ። ዘሃራ በገዛ ድምፅዋ፣ በአማርኛ፣ «እማዬ እየጠበቀችኝ ነው» አለች። ሶፋው ላይ ያሉት አንዲት ቃል አልገባቸውም፤ ሁሉም ግን መሐረባቸውን አወጡ።

ከዚያማ ወኔ መጣልኝ። አንተ ሰውዬ፣ ሚስትህ እንዲህ ያለ ደግ ሥራ ስትሠራ ተገትረህ ታያለህ? ልጅቱን አሁኑኑ አውቶቡስ ድረስ አድርሳት ብዬ በየነን አዘዝኩት። በየነ ረጅም ንግግር እንደሚናገር ሰው አፉን አንቀሳቀሰ፤ እኔም «እሺ» አልኩለት። ሁለቱም በሳሎኑ በር ወጡ። ዘበኛው በመስኮቱ ሲያለቅስ ስለነበር የግቢውን በር እየሮጠ ሄዶ ራሱ ከፈተላቸው። የአምጃዱ ሞተር አንዴ አስነጠሰ፣ ደግሞ አስነጠሰ፣ ልቤ ሊቆም ሲል ተነሣ። እኔና ለምለም እዚያው ቀረን። አውቶቡሱ እስኪርቅ ብዬ መላሃትን አስለቀስኳት፣ ንስሓ አስገባኋት፣ ልጅነቷን አስተረክኋት፤ ድምፄ እስኪዘጋ ለፈለፍኩ። ስጨርስ ሴቶቹ ቆመው አጨበጨቡ።

ሲት ኢህሳን ዓይኗን እየጠራረገች ለእንግዶቹ ውሃ እንዲመጣ ዘሃራን ጠራች። መልስ የለም። ደግማ ጠራች። ወደ በሩ አየች፣ ወደ ለምለም ባዶ እጅ አየች፣ ፊቷ ተለዋወጠ። አፏን ስትከፍት ግን ሐጃ ፈውዚያ ቀደሟት፤ ተነሥተው አቅፈው ግንባሯን ሳሟት። እኛ ጨዋታ ሲመስለን አንቺ ለካ ልጅቱን በእውነት እየሸኘሻት ነው፣ የእውነተኛውን ጀዋዝ በገዛ እጅሽ ማምጣትሽ፣ አላህ ይክፈልሽ አሉ። ሌሎቹም ተግተልትለው መጥተው ሳሟት። ሲት ኢህሳን በመካከላቸው አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች። ድምፅ ግን አልወጣትም። ከብዙ ጊዜ በኋላ «ምን ይደረጋል፣ እናት ናት እኮ» አለች፤ እንደገና ተጨበጨበላት።

ስንወጣ አንሶላዋን ሳስረክባት ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። አሁን ትጮህብኛለች ብዬ ተዘጋጀሁ። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ሕፃን ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ፣ ነገ ነርሚን ምን እንደምትሆን ማን ይነግረኛል አለችኝ። ላዝንላት ይሁን ልናደድባት ቸገረኝ። ስልክ ቁጥሬን ሰጠኋት።

እውነትም ትደውል ጀመር። እኔም አንዴ ገብቼበታለሁና እነግራታለሁ፤ መላሃት ቀለበቱን አወጣች፣ መላሃት ቀለበቱን መለሰች። አንድ ቀን ስትደውል ስለ ነርሚን አልጠየቀችም። ያቺ ልጅ እናቷ ዘንድ ደረሰች ወይ አለችኝ። ዘሃራ የዚያን ዕለት ጠዋት ከሐይቅ ደውላልኝ ነበር፤ የሆነውን እንዳለ ነገርኳት። ደርሳለች። እናቷ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ነው ያገኘቻቸው። ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት፣ አተኩረው አዩት፣ ከዚያ «ከስተሻል» አሏት። ዘሃራ ይህን ስትነግረኝ በደስታ እየጮኸች ነበር፤ እትዬ፣ ከስተሻል አለችኝ እኮ፣ አይታኝ ነው እኮ።

ሲት ኢህሳን በስልኩ ውስጥ ስታለቅስ ተሰማኝ። የእውነት ለቅሶ ነበር፤ ለእሷም ሆዴ ባባ። ንፍጧን ሳብ አደረገችና «ከዚያስ?» አለችኝ።

«ከዚያማ የራሷ ጉዳይ ነው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁባት።